የሐምሌው ጠላ ለምን ኮመጠጠ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ድሬዳዋና ሐረር ያላችሁ አንባቢያን በቤታችሁ ጠምቃችሁ ስለምትጠጡት እንድትጽፉልን ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱን በዚህ እትም አስተናግደናል። ለመጀመሪያው ሰፊ ቦታ የሰጠነው ያነሳው ችግር በቆላ የሚኖር ጠማቂን ሁሉ ስለሚመለከት ነው።

ጥያቄ

«የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፤ ታላቅ እኅቴ ደግሞ ሐረር ናት። ጠላ መጥመቅ የተማርነው ሁለታችንም ከእናታችን ስለሆነ የጌሾው ልክ፣ የብቅሉ ልክ፣ የቀኑም ቁጥር አንድ ነው። ለታኅሣሥ ገብርኤል ከቁልቢ ለተመለሱ እንግዶቼ ያቀረብሁት ጠላ እጅግ ያማረ ነበር፤ እኅቴም መጥታ ጠጥታ መርቃኛለች። ለሐምሌ ገብርኤል በዚያው ልክ ጠንስሼ ግን ጋኑን በከደንሁ በማግስቱ ስቀዳው ኮምጥጦ አገኘሁት። ጌሾ አንሶት ይሆናል ብዬ ለሚቀጥለው እጥፍ ብጨምር መራራም ኮምጣጣም ሆነብኝ። እኅቴ በዚያው ሳምንት የጠመቀችውን በጀሪካን ልካልኝ እርሱን እየጠጣሁ ነው፤ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የብቅሉ?» — ከሳቢያን

መልስ

እኅቴ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ የእጅ ጥፋት አላየሁም፤ ብቅሉም በታኅሣሥ የሠራው ዓይነት ከሆነ አይወቀስም። ጠላዎን ያኮመጠጠው ሙቀት ነው፤ ይህንንም የእርስዎና የእኅትዎ ጋኖች ራሳቸው ይመሰክራሉ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቢሆንም የአየሩ ልዩነት የሁለት አገር ያህል ነው። በታኅሣሥ የድሬዳዋ ሌሊት ወደ 15 ዲግሪ ስለሚወርድ ጋንዎ ሐረር እንዳለ ጋን ሆኖ አደረ። በሐምሌ ግን ቀኑ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም ቢሆን እምብዛም ስለማይበርድ ጥንስሱ ከሙቀቱ የሚያርፍበት ሰዓት አያገኝም።

በጋኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ ብለው ያስቡ። አንደኛው እርሾ ነው፤ የብቅሉን ስኳር ወደ አልኮልና ጋዝ የሚለውጠው እርሱ ሲሆን ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተደላድሎ ይሠራል። ሁለተኛው ወተትን እርጎ የሚያደርገው ዓይነት ባክቴሪያ ነው፤ እርሱ የሚወደው ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ጠላ ያለዚህ ባክቴሪያ ጠላ አይሆንም፤ ያቺ አፍ የምታነቃው ለዘብ ያለች ኮምጣጣነት ከእርሱ የምትገኝ ናትና። ችግር የሚመጣው እርሾው ገና ሳይበዛ ባክቴሪያው ሲቀድም ነው። በዚህ ላይ እየፈላ ያለ ድፍድፍ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ የጋኑ ሆድ ከክፍሉ አየር ጥቂት ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ክፍልዎ 30 ከሆነ ድፍድፉ ከዚያ በላይ ነው ማለት ነው።

ጌሾ እጥፍ ማድረግዎ ብዙ ሰው የሚሠራው ነገር ነው። ጌሾ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ እውነት ነው፤ እናቶቻችንም ያለ ምክንያት አልመረጡትም። ነገር ግን ሙቀቱ ካልተገታ ጌሾው ብቻውን አይችለውም፤ ምሬቱን ይጨምራል እንጂ ኮምጣጣነቱን አያስቀርም። ስለዚህ ወደ እናትዎ ልክ ይመለሱ።

አንድ ነገር ግን መለየት ያስፈልጋል። የእርጎ ዓይነት ኮምጣጣነት ከሙቀት የሚመጣ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ጋኑ ገና ሳይከፈት ይጀምራል። አፍንጫ የሚወጋ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ግን ከአየር የሚመጣ ነው፤ ጋኑ ተከፍቶ እየተቀዳ፣ እየጎደለ፣ አፉም በወጉ ሳይዘጋ ሲቀር ይፈጠራል። የእርስዎ በማግስቱ ሲቀዳ ኮምጥጦ ስለተገኘ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ስለ ሙቀት ከመናገር ይልቅ ጠላውን ወደ ትንንሽ ዕቃ እየገለበጡ አፍ እስኪሞላ እንዲያስቀምጡ እመክርዎ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። ከሁሉ በፊት የቀን ቁጥሩን ይተዉት። «ሦስት ቀን ይጠንሰስ» የሚለው ልክ ከደጋ የመጣ ልክ ነው፤ በድሬዳዋ ሐምሌ ሦስት ቀን ማለት በደጋ ስድስት ቀን እንደማለት ነው። ጌሾውና ብቅሉ ከተጠነሰሱ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ከፍተው ይመልከቱ፤ የጌሾው ቅጠል ወደ ላይ ወጥቶ፣ በጠርዙ ነጭ አረፋ ይዞ፣ ሽታው እንደ ፍራፍሬ ጣፈጥ ሲል ጥንስሱ ደርሷል፤ አንድ ቀን ተኩል ብቻ ቢሆነውም ቂጣውን ቆራርሰው ይጨምሩበት። እኔ ራሴ ድሬዳዋ በኖርሁባቸው ዓመታት ሰዓትን ትቼ በአፍንጫዬ መሥራት እስክለምድ ድረስ ከአንድም ሁለት ጋን ደፍቻለሁ።

ሁለተኛው እንኩሮው፣ ማለትም በውሃ ታሽቶ በምጣድ የታመሰው ዱቄት፣ ነው። ከምጣድ የወጣ እንኩሮ ላዩ ቀዝቅዞ ልቡ እንደሚሞቅ ማንም የቤት እመቤት ታውቃለች፤ ሆኖም በበዓል ጥድፊያ ለብ እንዳለ ወደ ድፍድፉ የሚጨመርበት ጊዜ ብዙ ነው። በደጋ ይህ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ጥንስሱን ያነቃዋል። በቆላ ግን በሞቀው ላይ ሌላ ሙቀት መጨመር ስለሆነ በሰፌድ ላይ ሳስቶ ተዘርግቶ፣ ቢቻል ማታ አድሮ ጠዋት ይግባ። የሚበጠበጥበትንም ውሃ ማታ ቀድተው ውጭ ያሳድሩት።

ሦስተኛው ጋኑን ማቀዝቀዝ ነው። ሰፊ ሳፋ ውስጥ አራት ጣት ያህል ውሃ ያድርጉ፤ ጋኑን በመካከሉ ያስቀምጡና ጫፉ ውሃው ውስጥ በሚነከር ጆንያ ዙሪያውን ይጠቅልሉት። ጆንያው ውሃውን ወደ ላይ እየሳበ ሲተንን ሙቀቱን ከጋኑ ይዞ ይሄዳል፤ የውሃ እንስራ በጥላ ሥር የሚቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ነፋስ የሚያገኝበት ኮሪደር ከተዘጋ ክፍል ይሻላል። አየሩ ደረቅ በሆነ ጊዜ ይህ ዘዴ የድፍድፉን ሙቀት በሚታይ መጠን ያወርዳል፤ ዝናብ ባለበትና አየሩ በረጠበበት ቀን ግን ትነቱ ስለሚቀንስ ውሃውን ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛ መለወጥ ያስፈልጋል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ መታጠኑ እንዳለ ይቀጥል፤ ጢሱ ለመዓዛው ብቻ ሳይሆን ለጋኑ ንጽሕናም ይረዳል።

አራተኛውንና እኔ ከሁሉ የምወደውን መንገድ እኅትዎ ያቀርቡልዎታል። ያማረው የሐረር ጠላ ሲያልቅ ከታች የቀረው አተላ በሕያው እርሾ የተሞላ ነው። አንድ ሊትር ያህሉን በንጹሕ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ላላ ተደርጎ፣ በጠዋቱ መኪና ይላኩልዎ፤ እርስዎም በዚያው ቀን ድፍድፉ ላይ ይጨምሩት። እርሾው ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በቁጥር ስለሚበልጥ ባክቴሪያው የሚቀድምበት ፋታ አያገኝም። ከዚያ በኋላ ከራስዎ ጠላ አተላ እያስቀሩ መቀጠል ይችላሉ።

ጥያቄ

«እኛ ከዚራ የምንኖር ሦስት ጓደኛሞች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን እያንዳንዳችን በቤቱ የሠራውን ቢራ እንቀማመሳለን። አንዱ ጓደኛችን ከማሽላ ብቅል የሠራው ቀላ ያለና ቀለል ያለ ነው፤ ሌላው ከገብስ ብቅል የሠራው ወርቃማ ሆኖ ጥቂት የሙዝ ሽታ አለው፤ ሁለቱም ተወደዱ። እኔ ግን ወደ ሐኪም ስታውት የሚቀርብ ጥቁር ቢራ ልሥራ ብዬ ለ20 ሊትር 4 ኪሎ ብቅልና 2 ኪሎ እንደ አሻሮ አጥቁሬ የቆላሁትን ገብስ አስገባሁ፤ ለቢራ ምሬት በሚሰጠው አበባ በሆፕ ፈንታ ጌሾ አንድ ሰዓት ሙሉ አፈላሁ፤ እርሾውም የዳቦ ነው። የወጣው ቢራ እንደ አመድ ጉሮሮ ይይዛል፤ ሁለት ጠርሙስም ፈነዳብን። የድሬዳዋ ውሃ ይሆን?» — ከከዚራ

መልስ

ውሃውን ቀድሜ ነጻ ላውጣ። በማንቆርቆሪያችሁ ግድግዳ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እንደሚያሳየው የድሬዳዋ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ይህ ወርቃማ ቢራ ለሚሠራው ጓደኛችሁ ችግር ሊሆን ይችላል፤ ውሃውን አስቀድሞ አፍልቶ፣ አጥልሎ፣ ከላይ ያለውን ቢቀዳ ይሻለዋል። ለጥቁር ቢራ ግን እንዲህ ያለ ውሃ ይስማማል፤ የተቆላ ገብስ አሲድ ስላለው ኖራውን ያመዛዝነዋል፤ የደብሊን ጥቁር ቢራ በኖራማ ውሃ የገነነው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ጥፋቱ ያለው በልኩ ላይ ነው። ከእህልህ ሲሶው ጠቁሮ የተቆላ ሆኗል፤ ለስታውት ከአሥር አንድ እጅ ይበቃል። 5 ኪሎ ብቅል ካለህ 500 ግራም የተቆላ ገብስ ጥቁር ቀለምና የቡና መዓዛ ይሰጥሃል። ገብሱም ገለባው በምጣድ ሲያር አመድ አመድ ስለሚል የተፈተገ ገብስ ውሰድ፤ እሳቱን ቀንሰህ፣ ሳታቋርጥ እያማሰልህ፣ የጥቁር ቡና መልክ ሊይዝ ሲል አውርደው። ሳይደቅ ከካ አድርገህ በቀዝቃዛ ውሃ ማታ ዘፍዝፈው ጠዋት አጣርተህ ጥቁሩን ውሃ ብቻ መፍላቱ ሊያበቃ ሲል ብትጨምር ደግሞ ጉሮሮ የሚይዘው ነገር በብዛት ከገብሱ ጋር ይቀራል። ብቅሉን በ65 እና በ67 ዲግሪ መካከል ለአንድ ሰዓት መዘፍዘፍህን አትተው፤ ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው በዚያ ነው።

ጌሾን እንደ ሆፕ መቁጠርህም ጎድቶሃል። ሆፕ ምሬቱን ለመስጠት ረጅም ፍላት ይፈልጋል፤ ጌሾ ግን በቀዝቃዛ ውሃ እንኳ ምሬቱን እንደሚለቅ ከጠላ እናውቃለን። እኔ ቢራ ላይ የምጨምረው በመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ብቻ ነው።

የዳቦ እርሾ ከቢራ እርሾ ጋር አንድ ዘር ቢሆንም ወደ ታች በወጉ አይረጋም፤ በሙቀትም ሽታው ይበዛል፤ የጓደኛህ ቢራ የሙዝ ሽታ ያመጣው ሙቀቱ ሳይሆን አይቀርም። ለድሬዳዋ የተፈጠረ የሚመስለኝ እርሾ ግን ከብርዳማ አገር የመጣ ነው፤ የኖርዌይ ገበሬዎች ለብዙ ትውልድ ያቆዩት ክቬይክ የተባለው ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጣዕሙ ሳይበላሽ ይሠራል። ደርቆ በ11 ግራም ፓኬት ስለሚሸጥ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በኪሱ ሊያመጣላችሁ ይችላል።

ስለ ጠርሙሱ አጥብቄ እናገራለሁ፤ የፈነዳ ጠርሙስ ዓይን ያጠፋል። ቢራው መሥራቱን ሳይጨርስ አትሙላ፤ ሦስት ቀን በተከታታይ አረፋ ካልታየና ጣዕሙ ስኳር ካላለ ጨርሷል። ከዚያ በሊትር 6 ግራም ስኳር ብቻ ጨምር፤ በማንኪያ በየጠርሙሱ ሳይሆን በሚዛን መዝነህ በአንድ ላይ አሟሟው። ከእያንዳንዱ ዙር አንዱን በላስቲክ ጠርሙስ ሙላ፤ እርሱ በእጅ ሲጫን እንደ ድንጋይ ሲጠነክር የቀሩትን ሁሉ ወደ ፍሪጅ አስገቡ። ስስ የመስታወት ጠርሙስ አትጠቀሙ፤ የቢራው ወፍራም ጠርሙስ ይሻላል።

ጥያቄ

«ሐረር ሸዋ በር አካባቢ እኖራለሁ። አልኮል የማይጠጡ ጎረቤቶቼን ለማስተናገድ ቀሪቦ እሠራለሁ። ከእርሾውና ከስኳሩ የተነሣ አልኮል ይኖረው ይሆን?» — ከሸዋ በር

መልስ

አዎን፣ ጥቂትም ቢሆን ይኖረዋል። እርሾና ስኳር ተገናኝተው ካደሩ አልኮል መፈጠሩ አይቀርም፤ ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየ ደግሞ ይጨምራል። ለእነዚህ እንግዶችዎ የተቆላውን ገብስ አፍልተው፣ አጥልለው፣ ስኳርና ጥቂት ሎሚ ጨምረው፣ እርሾ ሳያስገቡ ወዲያው ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡትና በዚያው ቀን ያቅርቡት። ጋዝ እንዲኖረው ከፈለጉ ሊያቀርቡ ሲሉ አምቦ ውሃ ይቀላቅሉበት። እርሾ የገባበትን ለሌሎች እንግዶች በተለየ ማሰሮ ያድርጉና የቱ የቱ እንደሆነ ለጎረቤቶችዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።