ማርሚታና መብራት ቀየርኩ፣ ጋራንቲህ ፈርሷል አሉኝ

ከደብረ ሲና የጻፈልን ወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። አዲስ 150 ሲሲ ሞተር ገዛ፣ የህንድ፣ ባለ ካርቡራቶር። ዓመት ሳይሞላት ድምጿ እንዲያምር ብሎ ማርሚታዋን (የጭስ ማውጫዋን) በሌላ ቀየረ፣ የአየር ፊልትሮውን ከነቤቱ አስወጥቶ ክፍት የሆነውን ገጠመላት፣ ከፊት ሁለት ትልልቅ መብራት አስጨመረ። አሁን ባትሪው አድሮ ይሞታል፣ ሸዋሮቢት ወርዶ ዳገቱን ሲመለስ ሞተሯ ትግልና ኳ ኳ ትላለች፣ የፊት አሞርዛተሯም (ንጠቱን የሚውጠው) ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሯል። ሻጮቹ ጋ ሲወስዳት ገና ማርሚታውን እንዳዩ "ይሄማ ጋራንቲው ፈርሷል" ብለው ሳይነኳት መለሱት። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ "ዕቃ ስለቀየርክ ብቻ ዋስትና ሊከለክሉህ አይችሉም" ሲባል ሰምቷል። "ጋሼ የቱ ነው ልክ?" ይላል።

ስማኝማ ወንድሜ፣ ቪዲዮው አልዋሸህም ግን የሚያወራው ስለ ሌላ አገር ነው። አሜሪካኖቹ በፈረንጅ 1975 የወጣ ማግነሰን ሞስ የሚሉት የዋስትና ህግ አላቸው፣ በሱ መሰረት አምራቹ የሌላ ድርጅት ዕቃ ገጥመሃልና በቃ ሊልህ አይችልም፣ ብልሽቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት አለበት። ያንን ይዘህ እዚህ ካውንተር ላይ ብትከራከር ማንም አይሰማህም። እኛ ጋ ሸማቹን የሚጠብቅ አዋጅ 813/2006 አለ፣ የገዛኸው ዕቃ ጉድለት ካለው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ገንዘቤ ይመለስ የማለት መብት ይሰጥሃል፣ ያንተ ግን ያ ቀን አልፏል። ስለዚህ አሁን የሚያከራክርህ ሞተሯን ስትረከብ የሰጡህ የጋራንቲ ደብተር ነው፣ እሱን ደግሞ ብዙዎቻችን ከላስቲኩ ሳናወጣው ነው ሳጥን ውስጥ የምንወረውረው።

አውጣውና አንብበው፣ በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚያነብልህ ፈልግ። ለውጥ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ አጻጻፉን ልብ በል። አንዳንዱ ደብተር "በተደረገ ለውጥ ምክንያት የመጣ ጉዳት አይሸፈንም" ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ "ለውጥ ከተደረገ ዋስትናው በሙሉ ይቀራል" ይላል፣ በሁለቱ መሃል የሰማይና የምድር ልዩነት ነው ያለው። የመጀመሪያው ከሆነ ማርሚታ አይተው የአሞርዛተር ጥያቄህን ሊመልሱብህ አይገባም፣ ምን አገናኘው? ሁለተኛው ከሆነ ግን ፈርመህ የተቀበልከው ነውና ክርክሩ ይከብድሃል፣ ያም ሆኖ በጽሁፍ ጠይቅ፣ መልሱንም በጽሁፍ ስጡኝ በል፣ በአፍ "ፈርሷል" ያለህ ሰው ማህተም አድርግበት ሲባል ረጋ ብሎ ማየት ይጀምራል። የነጻ ሰርቪስ ኩፖኖችህንም አብረህ ያዝ፣ በተለይ የመጀመሪያውን። እውነቱን ለመናገር ከማርሚታ ይልቅ ብዙ ሰው ጋራንቲውን የሚያጣው ያንን ሰርቪስ ዘሎ ነው።

አሁን ወደ ሞተሯ እንምጣ፣ እዚህ ላይ ላንተ አላዳላም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ፣ ከዛ ቁልቁለቱን ይዘህ ሸዋሮቢት ስትገባ 1,300 አካባቢ ነህ። ላይ አየሩ ሳስቷል፣ ካርቡራቶር ደግሞ ይሄን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደለመደው ስለሚሰጥ ሞተሯ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ትሰንፋለች። ፊልትሮና ማርሚታ ስትከፍት ብዙ አየር ይገባላትና እዛ ብርድ ላይ ሚዛኑ በአጋጣሚ ይስተካከላል፣ የገጠመልህ ልጅም "በረረች!" ሳይልህ አልቀረም። ችግሩ ሮቢት ስትወርድ ነው፣ አየሩ ወፍሮ ይጠብቅሃል፣ ክፍት ፊልትሮ እንደልቡ ይስበዋል፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው፣ ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል፣ በዛ ሙቀት ላይ ጋዙን ሙሉ ከፍተህ ዳገቱን ስትመለስ ያ ኳ ኳ የምትለው ድምጽ ይመጣል፣ ዝም ካልከው ፒስቶን ይበሳል።

ማረጋገጥ ከፈለግክ ዳገቱ መሃል ጥግ ይዘህ አጥፋት፣ ሲቀዘቅዝ ካንዴላዋን ፍታና ጫፏን እይ። ማኪያቶ የመሰለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ በላዩ ላይ የቀለጡ ጥቃቅን ፍንጣሪዎች ካሉበት ግን እየጠበስካት ነው። ነጭ ከሆነ ኦሪጂናል ፊልትሮና ማርሚታዋን መልስ፣ መመለስ አልፈልግም ካልክ ቤንዚን የምታሳልፈዋን ጂግለር በሚሆናት ቁጥር የሚያስተካክል ሰው ፈልግ፣ ግን ሮቢት ላይ ነው የሚሞከረው እንጂ ደብረ ብርሃን ላይ አይደለም። ደግሞ ያ ክፍት ፊልትሮ በመንዝ ኮረኮንች አቧራ ያስገባል፣ አቧራው ፋሻውን (የፒስቶኑን ቀለበት) እና ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ ሻጮቹ ሞተሯን ቢከፍቱ መጀመሪያ የሚያሳዩህ እሱን ነው። በዚህ በኩል ጋራንቲ ቢከለክሉህ ልክ ናቸው። ኦሪጂናሉን መልሼ ገጥሜ ምንም እንዳልነካ ልሂድ እንዳትል፣ የብሎኑ ጭረትና በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው አዲሱ ጓርኒሲዮን ያሳብቃል፣ ከዛ በኋላ እውነት ብትናገር እንኳ የሚያምንህ የለም።

መብራቱ ላይ ደግሞ ሂሳቡ ቀላል ነው። 55 ዋት የሆነ ሃሎጂን ሁለት ሲሆን 110 ዋት ነው፣ በ12 ቮልት ስታካፍለው 9 አምፔር ገደማ ይጎትታል፣ የዚህች ሞተር ቻርጅ ለፋብሪካ መብራቷ ተለክቶ የተሰራ ነው እንጂ ለዚህ አይደለም። ከዚህ የባሰው ግን አገጣጠሙ ነው። ኦሪጂናሉን ሽቦ በምላጭ ልጠው፣ ጠምዝዘው፣ በፕላስተር ጠቅልለው ይሰጡሃል፣ ክረምት ውሃ ይገባውና መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። ፊውዝ ሲቃጠልም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልሉበታል። እንዲህ ያለ ነገር ካለብህ ጋራንቲው ቢቀርብህ አይግረምህ፣ ቤትህ ውስጥ የቆመች ሞተር በእሳት ልትነሳ ትችላለች። መጨመርህ ካልቀረ ባለ ጥቂት ዋት ኤልኢዲ አድርገው፣ በራሱ ፊውዝና ሪሌ (ትልቁን ኤሌክትሪክ በትንሹ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) በቀጥታ ከባትሪ ይምጣ፣ የፋብሪካው ሽቦ ግን አይቆረጥ። ያኔ ስትፈታው ምልክት አይተውም።

ፖርቶ መጋላና የሞተር መከላከያ ብረት በብሎን እስከታሰረ ድረስ ብዙ አያጣላም፣ ቻሲው ላይ በብየዳ ከሆነ ግን ያጣላል።

አሞርዛተሩን እንግዲህ አጥብቀህ ያዝ፣ ከነካካኸው ነገር ጋር አይገናኝም። በስልክህ ዘይቱ የሚንጠባጠብበትን ቦታና ኪሎሜትሩን ፎቶ አንሳ፣ ለብቻው በአንድ ማመልከቻ ጠይቅ፣ ከሞተሩ ጋር አትቀላቅለው። ደብተሩ ላይ ዘይት የሚይዙ ጎማዎች አይሸፈኑም የሚል ካለ ግን እሱም አያዋጣህም፣ እንደ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራና ካቴና ያሉ አላቂ ዕቃዎች ውስጥ የሚከቱት አሉ።

ባትሪ ደግሞ አሁኑኑ ሮጠህ እንዳትገዛ። የተጨመረውን መብራት አስፈታና ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ በቴስተር ይለካ፣ ሞተሯ ተነስታ ጋዝ ስትሰጣት ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካሳየች ቻርጇ ደህና ነው፣ ባትሪውን የጨረሰው መብራቱ ነበር። 12 ላይ ከቀረች ወይ ከ15 ከዘለለች ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ወይ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅልል ነው፣ ያኔ የገዛኸው አዲስ ባትሪም አይቆይልህም።