ስኑስ ከንፈር ሥር ይዞ መጾም

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሲጋራ ትቼ ስኑስ የሚባለውን፣ በትንሽ ከረጢት ሆኖ ከንፈር ሥር የሚያዝ ትምባሆ ጀመርኩ። ጭስ የለውም፣ ማንንም አይረብሽም። በጾም ቀን ጠዋት አንዷን ከረጢት ከንፈሬ ሥር አድርጌ ሥራ እገባለሁ። የምውጠው ነገር የለም። ጾሜን ገደፍኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሲጋራውን በመተውህ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀላል ነገር አይደለም። ስኑስ ከሲጋራ ይሻላል ያሉህም አልዋሹህም። የሚቃጠል ነገር ስለሌለው ጭሱ ሳንባህን አያገኘውም። «የምውጠው የለም» ያልከው ላይ ግን አልስማማም።

ስኑስ ውስጥ ከትምባሆው ሌላ ጨውና ሶዲየም ካርቦኔት አለ። ሶዲየም ካርቦኔቱ ኒኮቲኑ ድድህን አልፎ ቶሎ ደምህ ውስጥ እንዲገባ መንገድ ይከፍትለታል። ሱዳኖች ቶምባክ በሚሉት አፍ ውስጥ በሚያዝ ትምባሆ ላይ አጥሮን የሚሉትን ሶዳ ሲጨምሩም ውጤቱ ይኸው ነው። ልጅ ሆኜ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ሱረታቸውን ከአመድ ጋር በመዳፋቸው ሲያሹ አይ ነበር። የአመዱም ሥራ ያው ነው። ስለዚህ አፍህ ባይበላም ደምህ ሲመገብ አርፍዷል።

ሌላም አለ። የትምባሆ ቅጠል ሲደርቅና ሲብላላ ናይትሮሳሚን የሚባሉ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ። ከእነሱ ውስጥ ኤንኤንኤን እና ኤንኤንኬ የተባሉት ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠ ነው። የስዊድኑ ስኑስ በሙቀት ስለሚታከም መጠናቸው ከቶምባክ እጅግ ያንሳል። ጨርሶ ግን አይጠፉም።

ወደ ጾሙ ልምጣ። ስኑስን በስም ጠቅሶ የሚከለክል ቀኖና አላውቅም፤ ከራሴ ሕግ አልፈጥርልህም። ቁርጡን የንስሐ አባትህን ጠይቃቸው። እኔን ካልከኝ ግን፣ አዎ፣ ጾሙን ይነካዋል። ጾም የሚያምርህን ለእግዚአብሔር ብለህ መተው ነው። አንተ ሥጋውንና ወተቱን ትተህ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያምርህን ከንፈርህ ሥር ይዘህ ትወጣለህ። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ምንም ነገር በእርሱ ላይ እንደማይሠለጥንበት ይናገራል። ቅዳሴ መሀል እጅህ ሳታውቀው ኪስህ ውስጥ ያለችውን የስኑስ ቆርቆሮ የሚዳብስ ከሆነ፣ ማን እንደሠለጠነብህ አንተው ታውቀዋለህ።

ስታቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዱሃል። በትንሽ በትልቁ ትናደዳለህ፣ እንቅልፍም ይነሳሃል። እባክህ «እግዚአብሔር ትቶኝ ነው» አትበል። ሰውነትህ ኒኮቲን አጥቶ ነው። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይቀለዋል። ሐኪም መጠኑን እየቀነስክ እንድትወስደው የሚያዝልህ የኒኮቲን ማስቲካም መድኃኒት ነውና አትፈርበት።

ዛሬ ማታ መስታወት ፊት ቆመህ የላይኛውን ከንፈርህን ገልብጠህ እየው። ከረጢቷ የምትቀመጥበት ቦታ ነጥቶና ተሸብሽቦ ታገኘው ይሆናል። ስኑሱን ስትተው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል ካየህ ግን ለጥርስ ሐኪም አሳይ። ለንስሐ አባትህም በዚሁ ሳምንት ደውልላቸው።