የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሊኑክስ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስክሪኑ ለምን ያንሳል?

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነኝ። የኮምፒውተር ክፍላችን ማሽኖች ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ሲሆኑ ዊንዶውስ 11ን የመሸከም አቅም ስለሌላቸው ወደ ሊኑክስ ሚንት ልናዞራቸው አስበናል። ከመወሰናችን በፊት በራሴ ላፕቶፕ በቨርቹዋልቦክስ (ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በዊንዶውስ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ማሽን በሚፈጥረው ሶፍትዌር) ልሞክረው ብነሣም ስክሪኑ ከ800 በ600 ፒክስል አላልፍ አለ። የመጫኛው መስኮት ግርጌ ስለሚቆረጥ ወደሚቀጥለው ገጽ የሚያሳልፈው በተን አይታይም፤ የላፕቶፔ ልክ የሆነው 1366 በ768ም ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። የቪዲዮ ሜሞሪውን ከፍ እንዳደርግ ተመክሬ ነበር፤ ነገር ግን ማስተካከያው ደብዝዞ አልነካም አለኝ። ባልደረቦቼ ይህን አይተው ሊኑክስ ለእኛ ኮምፒውተሮች አይሆንም ማለት ጀምረዋል። ጥፋቱ የሊኑክስ ነው ወይስ የላፕቶፔ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ የሁለቱም አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች የእርስዎ ዓይነት ውሳኔ ፊት ቆመዋልና፣ ውሳኔው ባልተገባ ምክንያት እንዳይበላሽ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይገባል።

እውነተኛ ሞኒተር ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ የትኞቹን የስክሪን ልኮች ማሳየት እንደሚችል የሚገልጽ አጭር መረጃ ለግራፊክስ ካርዱ ይሰጣል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የልኮቹን ዝርዝር የሚያወጣው ከዚያ መረጃ ተነሥቶ ነው። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን ሞኒተር የሚባል ዕቃ የለም። ሚንት የሚያየው ግራፊክስ ካርድ ቨርቹዋልቦክስ በሶፍትዌር የፈጠረው ሲሆን፣ «ሞኒተሩ» ደግሞ እርስዎ ዊንዶውስ ላይ በማውስ እየጎተቱ የሚያሰፉትና የሚያጠቡት መስኮት ነው። የመስኮቱን ስፋት ለሚንት የሚነግረው አካል እስካልኖረ ድረስ ሚንት ስሕተት በማያመጣው አነስተኛ ልክ ይነሣል። ይህን የመንገር ሥራ የሚሠራው ጌስት አዲሽንስ የተባለው ተጨማሪ ሶፍትዌር ነው፤ የችግርዎ ዋና መፍትሔም እርሱ ነው።

አስቀድመን የደበዘዘውን ማስተካከያ እንመልከት። የቨርቹዋል ማሽኑን መስኮት በኤክስ ምልክቱ ሲዘጉት ቨርቹዋልቦክስ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃል። ያለበትን ሁኔታ አስቀምጦ እንዲያቆየው ከተስማሙ ማሽኑ ተኛ እንጂ አልጠፋም፤ ባልጠፋ ማሽን ላይ ደግሞ የግራፊክስ ካርድም ሆነ የሜሞሪ ለውጥ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ማሽኑን መልሰው ያስነሡትና ከሚንት ሜኑ ውስጥ ሆነው በወጉ ያጥፉት። በማሽኑ ስም ሥር «ፓወርድ ኦፍ» የሚል ሲነበብ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብተው «ዲስፕሌይ» የሚለውን ይክፈቱ፤ የደበዘዘው ሁሉ ተከፍቶ ያገኙታል።

እዚያው ገጽ ላይ ግራፊክስ ኮንትሮለር (የግራፊክስ ካርዱ ዓይነት) የሚለው ቪኤምኤስቪጂኤ (VMSVGA) መሆኑን ያረጋግጡ። ከቨርቹዋልቦክስ 6.0 ጀምሮ ለሊኑክስ የሚሰጠው ይህ ነው፤ ማሽኑን ሲፈጥሩ ዓይነቱን ሊኑክስ ብለው ካልመረጡ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ስሪዲ አክስለሬሽን የሚለውን ለጊዜው ምልክት ሳያደርጉ ይተዉት፤ አንዳንድ ማሽኖች ላይ ስክሪኑን ስለሚያጠቁር ሌላ ችግር ይጨምርብዎታል። የቪዲዮ ሜሞሪውን ወደ 128 ሜጋባይት ማድረስ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ብቻውን መፍትሔ ነው የሚለውን ምክር አልቀበለውም። ስሌቱን ይዩት፦ 1366 በ768 ስክሪን ላይ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ቢይዝ አንድ ሙሉ ምስል ወደ 4 ሜጋባይት ግድም ይሆናል። 1920 በ1080 እንኳ ከ8 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። 16 ሜጋባይት ያለው ማሽን 800 በ600 ላይ የሚቆመው ሜሞሪ አጥሮት ሳይሆን ልኩን የሚነግረው ስላጣ ነው።

ግርጌው የተቆረጠውን መስኮት በተመለከተ መላው ቀላል ነው። የሚንት አዘጋጆች ራሳቸው የሚመክሩት ዝቅተኛ የስክሪን ልክ 1024 በ768 ሲሆን፣ ከዚያ በታች ለሆነ ስክሪን መላውን አብረው ጽፈውታል፦ «ኦልት» የሚለውን ቁልፍ እንደተጫኑ መስኮቱን የትኛውም ቦታ ላይ በማውስ ይዘው ወደ ላይ ይጎትቱት። የመስኮቱ ራስ ከስክሪኑ በላይ ይወጣል፤ ግርጌው ላይ ያለው በተንም ይታያል። በዚህ መንገድ ሚንትን በቨርቹዋል ዲስኩ ላይ ጭነው ይጨርሱ። ሳይጭኑ ከአይኤስኦ ፋይሉ (ሚንት ከሚጫንበት ፋይል) በቀጥታ አስነሥተው በሚሞክሩበት ጊዜ ጌስት አዲሽንስ ቢያስገቡ ግን ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ስለሚጠፋ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ተጭኖ ሲነሣ የመጀመሪያው ሥራ ሚንትን በአፕዴት ማኔጀር ማደስና እንደገና ማስነሣት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ብዙዎች ይዘሉታል። ጌስት አዲሽንስ የራሱን ሞጁሎች (ከከርነሉ ጋር የሚያያዙ ቁራጭ ፕሮግራሞች) የሚሠራው በዚያ ሰዓት እየሠራ ላለው ከርነል፣ ማለትም ለሊኑክስ እምብርት፣ ሲሆን፣ ለዚህም ጂሲሲ እና ሜክ የተባሉትን መሣሪያዎች እንዲሁም የዚያኑ ከርነል ሄደሮች (ሞጁሎቹ ሲሠሩ የሚያነቧቸውን የከርነሉን መግለጫ ፋይሎች) ይፈልጋል፤ ከርነሉ ታድሶ ማሽኑ እንደገና ካልተነሣ ሄደሩና ከርነሉ ላይገጥሙ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ከመስኮቱ አናት «ዲቫይስስ» ከሚለው ሜኑ የጌስት አዲሽንስን ሲዲ ማስገቢያ ትእዛዝ ይምረጡ። ሚንት ሲዲው ላይ ያለው ሶፍትዌር ይነሣ እንደሆነ ሲጠይቅ ይፍቀዱና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ። ጥቁሩ መስኮት ላይ የሚያልፉትን መስመሮች ሳያነቡ አይዝጉት፤ ሞጁሎቹን መሥራት ካልተቻለ የሚነገረው እዚያው ነው። በሰላም ካለቀ ማሽኑን እንደገና ያስነሡት።

መሥራቱን ማወቂያው «ቪው» በሚለው ሜኑ ውስጥ ያለው ኦቶ-ሪሳይዝ ጌስት ዲስፕሌይ ነው። ደብዝዞ ከሆነ ጌስት አዲሽንስ አልተነሣም ማለት ነው፤ ወደ ቀደመው እርምጃ ይመለሱ። ከሠራ ግን ምልክት አድርገውበት የመስኮቱን ጥግ ሲጎትቱ የሚንት ዴስክቶፕ አብሮ ይሰፋል፤ የቀኙን «ኮንትሮል» ከኤፍ ጋር ሲጫኑ ደግሞ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ከሲዲው ይልቅ የሚንትን የራሱን ጥቅሎች በሲናፕቲክ (በሚንት የሶፍትዌር መጫኛ ፕሮግራም) መጫንም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱን መንገዶች አንድ ማሽን ላይ አያደባልቁ፤ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

እዚያው «ቪው» ውስጥ ስኬልድ ሞድ የሚባል አለ፤ ምስሉን ጎትቶ መስኮቱን ስለሚሞላ መፍትሔ ይመስላል። ሚንት ግን አሁንም የሚያውቀው 800 በ600ን ነው፤ ፊደሎቹ ይተልቃሉ፣ ይደበዝዛሉ እንጂ ተጨማሪ የሥራ ቦታ አይገኝም።

ለባልደረቦችዎ አንድ ነገር አጥብቀው ቢያስረዱልኝ እወዳለሁ። ቨርቹዋል ማሽን ሚንት እንዴት እንደሚያዝ፣ ፕሮግራሞቹ ምን እንደሚመስሉና አማርኛ እንዴት እንደሚጻፍበት ለመለማመድ እጅግ ጥሩ ነው፤ የክፍሉን ኮምፒውተሮች ግራፊክስ ካርድ ግን ጨርሶ አይፈትሽም፤ አያየውምና። ለዚያ የሚያስፈልገው አይኤስኦውን በፍላሽ ላይ ጽፎ ከክፍሉ ኮምፒውተሮች አንዱን በፍላሹ ማስነሣት ነው። ዲስኩ ሳይነካ ስክሪኑ፣ ድምፁና ዋይፋዩ መሥራት አለመሥራታቸው በቀጥታ ይታያል፤ ክርክሩም መዳኘት ያለበት በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጌስት አዲሽንስን ሳልጭን የስክሪን ልክ በሚለውጠው በኤክስራንደር (xrandr) ትእዛዝ ልኩን ራሴ ለመስጠት ሞከርኩ። ለኤክስራንደር የሚሰጠውን የልክ መግለጫ በሚያሰላው በሲቪቲ (cvt) ትእዛዝ 1366 በ768 ስጠይቅ 1368 በ768 ይመልስልኛል። ይኸው ዘዴ ሚንት ላይ ሠርቶልኝ ኡቡንቱ 24.04 ላይ እንቢ አለኝ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሲቪቲ አግድም ያለውን የፒክስል ቁጥር በ8 እንዲካፈል ስለሚያደርገው 1366 ወደ 1368 ይጠጋጋል፤ ብልሽት አይደለምና የሰጠዎትን እንዳለ ይጠቀሙበት። ኡቡንቱ 24.04 በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ዌይላንድን (መስኮቶችን ስክሪን ላይ የሚያሳየውን አዲሱን ሥርዓት) ይዞ ሲነሣ ኤክስራንደር ልክ የመለወጥ ሥልጣን የለውም። መግቢያው ገጽ ላይ ስምዎን መርጠው የይለፍ ቃል ከማስገባትዎ በፊት ከታች በኩል የጥርሳም ጎማ ምልክቱን ይጫኑና «ኡቡንቱ ኦን ዞርግ» (Ubuntu on Xorg) የሚለውን ይምረጡ፤ ትእዛዙ ይሠራል። ነገር ግን የሰጡት ልክ ከዴስክቶፑ በወጡ ቁጥር ይሰረዛልና፣ ለአንድ ቀን ሙከራ ካልሆነ በቀር ጌስት አዲሽንስን ቢጭኑ ይሻልዎታል። ዊንዶውስ ላይ ሲዲው ከቨርቹዋልቦክስ ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ እርሱን ለማውረድ የኢንተርኔት ወጪ አይጠይቅዎትም።