መሃል ከተማ መኪና ማቆሚያ ጠፋ? መጀመሪያ እንቁጠር

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ናቸው፤ ማዘጋጃ ቤቶች ለመሃል ከተማ በሚያወጡት የፓርኪንግ፣ የታፔላና የመንገድ ማሻሻያ እቅድ። ሰፋ ያለውን ሰፋ አድርገን፣ አጭሩን በአጭሩ መልሰናል።

ጥያቄ፦ የልብስ ሱቅ አለኝ። ከሱቄ ፊት ለፊት እስከ ዛሬ በነጻ ይቆም የነበረውን ቦታ ማዘጋጃ ቤቱ በሰዓት ሊያስከፍልበት ነው። ደንበኞቼ ይሸሹኛል ብዬ ሰግቻለሁ። የተቃውሞ ፊርማ ልሰብስብ?

መልስ፦ ፊርማውን ትንሽ ያቆዩትና መጀመሪያ ይቁጠሩ። ጠዋት ሲከፍቱ ፊት ለፊት የቆሙትን መኪኖች ታርጋ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። በየሰዓቱ ብቅ እያሉ ይመልከቱ። ጠዋት ያዩት መኪና ማታ ሲዘጉም እዚያው ካለ፣ የደንበኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ የጎረቤት ሱቅ ሠራተኛ ነው፣ ወይ ፎቁ ላይ ቢሮ ያለው ሰው፣ አንዳንዴም የሱቁ ባለቤት ራሱ ነው። አንድ መኪና ቀኑን ሙሉ የያዘው ቦታ ያስተናገደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያው ቦታ በየሰዓቱ ቢለቀቅ ስምንት ዘጠኝ ገዢ ያስተናግድ ነበር።

የፓርኪንግ ክፍያ ታሪክም የሚጀምረው ከዚሁ ችግር ነው። በዓለም የመጀመሪያው በሳንቲም የሚሠራ የፓርኪንግ መቁጠሪያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1935 ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ ተተከለ። ሐሳቡን ያመጡት ካርል ማጊ የንግድ ምክር ቤቱ የትራፊክ ኮሚቴ ሰው ነበሩ። ነጋዴዎቹ ያማረሩት የመሃል ከተማ ሠራተኞች ጠዋት ያቆሙትን መኪና እስከ ማታ ስለማያነሱ፣ ገዢ ደግሞ ማቆሚያ አጥቶ ስለሚመለስ ነው። ክፍያው 5 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ያቺ ትንሽ ሳንቲም ቀኑን ሙሉ የሚቆመውን መኪና አስነሳች።

ስለዚህ «ይከፈል ወይስ አይከፈል» ብሎ መከራከር ብቻውን አያዋጣም። ዋናው ነገር ስንት ይከፈል፣ መቼ ይከፈል፣ ገንዘቡስ የት ይግባ የሚለው ነው። ይህን ጉዳይ ለአሥርት ዓመታት ያጠኑት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ የሰጡት መለኪያ ቀላል ነው፦ ታሪፉ በየብሎኩ (ከአንዱ መስቀለኛ መንገድ እስከ ቀጣዩ ባለው የመንገድ ክፍል) ሁልጊዜ አንድ ሁለት ክፍት ቦታ እንዲኖር የሚያደርግ ይሁን፣ ማለትም ቦታው 85 በመቶ ገደማ ይሞላ። ሁልጊዜ ጢም ብሎ የሚሞላ ከሆነ ታሪፉ አንሷል፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ በዝቷል። ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየብሎኩ እየለካች ስትሞክረው አንዳንዱ ቦታ ላይ ታሪፍ ጨመረች፣ ሌላው ላይ ደግሞ ቀነሰች። የእርስዎ ማዘጋጃ ቤት ለጠቅላላው መሃል ከተማ አንድ ወጥ ታሪፍ ካወጣ ያኔ መቃወም ተገቢ ነው፤ ጭር ያለው የኋላ መንገድና ዋናው አደባባይ እኩል ሊከፍሉ አይገባም።

ገንዘቡን በተመለከተ የፓሳዴናን ነገር ልንገርዎ። እዚያ ካሊፎርኒያ ውስጥ የድሮው የንግድ ሰፈር ተጎሳቁሎ ነበር፤ ነጋዴዎቹም ልክ እንደ እርስዎ «ደንበኛ ይሸሻል» ብለው ክፍያውን ተቃወሙ። ከተማው በመጨረሻ ያስማማቸው አንድ ቃል በመግባት ነው፤ ከዚያ ሰፈር የሚሰበሰበው ገቢ እዚያው ሰፈር ላይ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1993 መቁጠሪያዎቹ ተተከሉ። በገንዘቡ እግረኛ መንገዱ ታደሰ፣ መብራት ገባ፣ ዛፍ ተተከለ፣ የኋላ መተላለፊያዎቹ ጸዱ። ሰፈሩ ነፍስ ዘራ። ገንዘቡ ወደ ከተማው ጠቅላላ ካዝና ገብቶ ቢጠፋ ኖሮ ነጋዴው ምን አግኝቶ ይደግፈው ነበር? እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ፊርማ የምሰበስበው ለዚህ ነው፦ ከመንገዳችን የሚሰበሰበው ለመንገዳችን ይዋል፣ ይህም በደንብ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጋዴዎች በመኪና የሚመጣውን ደንበኛ ብዛት አጋንነው የመገመት ልማድ አላቸው። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ ባለሱቆች ተጠይቀው 41 በመቶው ደንበኛ በመኪና ይመጣል አሉ። ደንበኞቹ ራሳቸው ሲጠየቁ 22 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ሒሳብ ሲቀበሉ «በምን መጡ?» ብለው ይጠይቁ። አንድ ሳምንት ይበቃል፤ ስብሰባ ላይ ይዘውት የሚቀርቡት ማስረጃም ይሆንዎታል።

ጥያቄ፦ መሃል ከተማችን ውስጥ አዳዲስ ታፔላዎች ተተክለዋል። ያም ሆኖ እንግዳ ሰው አሁንም መንገድ ይጠፋዋል፤ ሁሉም ቆሞ ሰው ይጠይቃል። ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ስህተቱ ታፔላው የቆመበት ቦታ ነው። ለሾፌር ታፔላው የሚያስፈልገው ከመታጠፊያው በፊት ነው፣ ረድፍ ለመቀየር ጊዜ እንዲያገኝ። መታጠፊያው ላይ የተተከለ ቀስት ያለፈውን ሰው ፍሬን ከማስያዝ ሌላ ጥቅም የለውም። ሁለተኛው ስህተት መብዛቱ ነው። አንድ ምሰሶ ላይ አራት ሰሌዳ ተደርድሮ ሲታይ (ከ2 እስከ 4 ሰዓት ማቆም ክልክል፣ ጭነት ብቻ፣ በክፍያ፣ ከቅዳሜ በስተቀር) ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ካላነበበ አይገባውም፤ ከዚያ ይቀጣና በከተማው ያዝናል፣ ልክም ነው።

የስም አለመመሳሰልም አለ። አንዱ ታፔላ ላይ «ማዕከላዊ ገበያ»፣ ቀጣዩ ላይ «የገበያ አዳራሽ»፣ ካርታው ላይ ደግሞ ሌላ። እንግዳ ሰው ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይመስሉታል። ለአንድ ቦታ አንድ ስም ተመርጦ እስከ መጨረሻው እሱው ይጻፍ።

ለእግረኛ ደግሞ ለንደን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሞከረችው አሠራር ደስ ይለኛል። የመንገድ ላይ ካርታዎቹ ሰውየው በቆመበት አቅጣጫ የተሣሉ ናቸው፤ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ካርታው ላይ ከላይ ነው። በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚወስድም ክብ ተሥሎ ይታያል። ሰው ብዙ ጊዜ መኪና የሚያስነሳው ቦታው በእግር አምስት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ስለማያውቅ ነው።

እባካችሁ ደግሞ ታፔላ የሚተክሉት ሰዎች ምሰሶውን የእግረኛ መንገድ መሃል ላይ አያቁሙት። ሰሌዳውንም በሰው ግንባር ከፍታ አይስቀሉት። ዓይነ ስውር ሰው በበትሩ ምሰሶውን ያገኘዋል፣ ከላይ ወደ ጎን የወጣውን ሰሌዳ ግን አያገኘውም፤ የሚያገኘው በፊቱ ነው።

ጥያቄ፦ እግረኛ መንገድ ለማስፋት ተብሎ 20 ያህል የመኪና ማቆሚያ ሊነሳ ነው። መኪና ያለን ሰዎች ምን አጠፋን?

መልስ፦ ምንም አላጠፋችሁም፤ ጥያቄው ያ ቦታ ለማን ቢውል ብዙ ሰው ይጠቅማል የሚለው ነው። አንድ የመኪና ማቆሚያ 12 ካሬ ሜትር አካባቢ ይይዛል። ጋሪ የምትገፋ እናትና ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ተላልፈው መሄድ የማይችሉበት እግረኛ መንገድ አጠገብ 12 ካሬ ሜትር ለአንድ የቆመ መኪና መስጠት ይከብደኛል።

ከማዕዘን ላይ የሚነሱት ቦታዎች ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ናቸው። ዜብራው አጠገብ ድረስ መኪና ሲቆም ሾፌሩ ሊሻገር የቆመውን ልጅ አያየውም፣ ልጁም መኪናውን አያየውም። የኒው ጀርሲዋ ሆቦከን ከተማ ማዕዘኖቿን ከቆመ መኪና አጸዳች፣ ሌሎች የደኅንነት ሥራዎችም አከለችበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለዓመታት በመንገዶቿ ላይ አንድም ሰው በትራፊክ አደጋ አልሞተም።

እናንተ አጥብቃችሁ መያዝ ያለባችሁ ሁለት ነገር አለ። የአካል ጉዳተኞች ማቆሚያ መግቢያው አጠገብ መቅረት አለበት፣ ሩቅ ወደ ኋላ መገፋት የለበትም። ጭነት ማራገፊያም ሰዓቱ ተወስኖ ይመደብ። ካልተመደበ የጭነት መኪናው መምጣቱ አይቀርም፤ መንገድ መሃል ደርቦ ይቆምና ሁሉንም ያግዳል።

ጥያቄ፦ መንገዳችን ታድሶ ዓመት ሳይሞላው ለቱቦ ተብሎ እንደገና ተቆፈረ። እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይቀራል?

መልስ፦ የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የመብራትና የስልክ መሥሪያ ቤቶች እቅዳቸውን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ ብቻ ይቀራል። የሕዝብ ውይይት ላይ «ከሥር ያለው ቱቦ ዕድሜው ስንት ነው? ከአስፋልቱ በፊት ይቀየራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው እቅዱ አልበሰለም። ኮንትራቱ ውስጥም እግረኛ በየሱቁ በር እንዲደርስ መተላለፊያ ሳይዘጋ በክፍል በክፍል እንዲሠራ የሚያስገድድ አንቀጽ ይግባ። ወራት ታጥሮ የከረመ ሱቅ መንገዱ ሲያምር ላይኖር ይችላል።

ዲዛይኑ ራሱ አከራካሪ ከሆነ ደግሞ በቀለምና በአበባ ማስቀመጫ ይሞከር። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ታይምስ ስኩዌር በሚባለው አደባባይ ላይ ብሮድዌይ የተሰኘውን መንገድ ለመኪና ስትዘጋ የጀመረችው በቀለምና በርካሽ ተጣጣፊ ወንበሮች ነው። ውጤቱ ከታየ በኋላ ነው ቋሚው ሥራ የመጣው። ቀለም ካልሠራ ይፋቃል፣ ኮንክሪት ግን አይፋቅም።

ጥያቄ፦ ለምን ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ሠርተው አይገላግሉንም?

መልስ፦ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ግን በጣም ውድ ነው፣ አንዴ ከተሠራም ለአሥርት ዓመታት እዚያው ነው። አስቀድመው ማታና ቅዳሜ እሁድ ባዶ የሚውሉትን የቢሮና የባንክ ግቢዎች ይዩ፤ ከባለቤቶቹ ጋር ውል ገብቶ በትርፍ ሰዓት ለሕዝብ መክፈት ይቻላል። የሚያስፈልገው ጥበቃ፣ መብራት፣ ተጠያቂነቱን የሚያስቀምጥ ውልና መግቢያው ላይ በግልጽ የሚታይ ታፔላ ነው። ያም ተሞክሮ ቦታው አሁንም ከሞላ፣ ያኔ ስለ ፎቁ እንነጋገር።