ማንጎው ሥር ያለው የፍየል በረት

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ቱላ ነው የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ፤ ፍየሎቼም የሚያድሩት እሱ ሥር ነው። ሌሊት የሌሊት ወፍ እየመጣ ፍሬውን ይጨርሰዋል። የወደቀውን ፍየሎቹ ይበሉታል፤ ልጆቹም ደህናውን ጎን ቆርጠው ይበላሉ። ጎረቤት ደግሞ «በሽታ ያመጣብሃል፣ ዛፉን ቁረጠው፣ ወፎቹን ግደላቸው» ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ዛፉን አይንኩት። ወፎቹንም ይተዋቸው። መነሳት ያለበት በረቱ ነው።

ነገ ጠዋት ዛፉ ሥር ጎንበስ ብለው ይዩ። ጭማቂው ተመጥጦ የተተፋ፣ ድብልብል ያለ ቃጫ ያገኛሉ። ያ ሁሉ ምራቅ ነው። ፍየል ደግሞ ይህን አትለይም። ማሌዥያ ውስጥ በ1998 እና በ1999 እንደ ፈረንጆች የሆነው ይኸው ነው። የአሳማ በረት አጠገብ ማንጎ ተተክሎ ነበር። የሌሊት ወፍ ቀምሶ የጣለውን አሳማ በላው፤ ኒፓ የሚባለው ቫይረስ ከአሳማው ወደ ሰው አለፈ። ከ100 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ አሳማ ተወገደ። የእርስዎ ፍየሎች ኒፓ ይይዛቸዋል እያልኩ አይደለም። መንገዱን እንዝጋ ነው የምለው። በእኛም አገር ማርበርግ የሚባለው ገዳይ ቫይረስ ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ታይቷል፤ ያን ቫይረስ ተሸክሞ የሚኖረው ዋሻ የሚወድ፣ ፍራፍሬ የሚበላ የሌሊት ወፍ ነው።

መግደሉስ? ኡጋንዳ ውስጥ ኪታካ የሚባል ማዕድን ማውጫ ላይ ሞክረውት ነበር። ወፎቹን ጨረሷቸው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌሎች መጥተው ሰፈሩ፤ ሲመረመሩ የማርበርግ ቫይረስ ያለባቸው ከድሮዎቹ በዝተው ተገኙ! ደግሞም እነዚህ ወፎች ዘር ይበትናሉ፣ አበባ ያዳቅላሉ። ጠላት አይደሉም።

እንግዲህ በረቱን ከዛፉ ጥላ ያርቁ፤ የውሃ ገንዳውንም ይክደኑ። የተነከሰ ማንጎ ይቅበሩት። «ደህናው ጎን» የሚባል ነገር የለም፣ ለልጆቹ ይንገሩልኝ። ፍሬውን ልክ ሲደርስ፣ ገና አረንጓዴ እያለ ለቅመው ቤት ውስጥ ያብስሉት። ወፉ የሚፈልገው የበሰለውን ስለሆነ ኪሳራዎም ይቀንሳል።

መሬት የወደቀ የሌሊት ወፍ ካገኙ በባዶ እጅ አይንኩት። ልጅ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገው ይሆናል።