ስልኩን ለምን ደፋችው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መስማት የተሳናት ባልደረባ ወደ ሥራ ክፍላችን ከተመደበች ስድስት ወር ሆኗታል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጥ መተግበሪያ በስልኳ ላይ ስለጫንን ሁለታችን ብቻ ስንሆን በደንብ እንግባባለን። ስብሰባ ላይ ግን ጥቂት ደቂቃ ካነበበች በኋላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ታስቀምጠዋለች። የምልክት ቋንቋን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ጓንት አለ ሲባል ሰምቼ፣ መሥሪያ ቤቱ እንዲገዛላት ለመጠየቅ አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባት ባልደረባ

መልስ፦ ትክክለኛውን ምክንያት ከእኔ ይልቅ እሷ ብትነግርዎ ይሻላል፤ ሆኖም መገመት አያስቸግርም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከጎኗ ይቀመጡና ጆሮዎን ትተው በስልኩ ጽሑፍ ብቻ ለመከታተል ይሞክሩ። ሦስት ሰዎች እየተነጣጠቁ ሲናገሩ፣ የቱ የማን ንግግር እንደሆነ ሳይለይ ሁሉም በአንድ ላይ ተደባልቆ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ስቆ ካበቃ በኋላ ቀልዱ በስልኩ ላይ ብቅ ይላል። «አስተያየት ያለው አለ?» የሚለውን አንብባ እጇን እስክታወጣ ድረስ ሰብሳቢው ወደ ሌላ አጀንዳ ተሻግሯል። የታደለውን ሰነድ ልይ ብትል ደግሞ ዓይኗን ከስልኩ መንቀል አለባት፤ በነቀለችበት ቅጽበት የተባለው ሁሉ ያመልጣታል። በዚያ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ እኛ በሁለተኛ ቋንቋችን የሚካሄድን ስብሰባ ሁለት ሰዓት ሙሉ እያነበብን እንከታተል ብንባል ስልኩን ሳንደፋ የምንቆይ አይመስለኝም።

ጓንቱን ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ጓንት ሠርተው ሲሸለሙ፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎችና የሥነ ልሳን ባለሙያዎች ግልጽ የተቃውሞ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ከተቃውሟቸው አንዱ ጓንት የሚያነበው እጅን ብቻ መሆኑ ነው፤ የምልክት ቋንቋ ሰዋስው ግን በፊትም ላይ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ «አዎ» ወይም «አይደለም» ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ሲጠየቅ ቅንድብ ወደ ላይ ይነሳል፤ «ማን»፣ «የት»፣ «ለምን» ሲባል ደግሞ ይኮሳተራል። እጅ ሳይለወጥ ቅንድብ ብቻ ዓረፍተ ነገሩን ከተራ ንግግር ወደ ጥያቄ ይቀይረዋል፤ ይህ ለጓንቱ አይታየውም። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ መሣሪያውን የምትለብሰው እሷ፣ የሚቀለው ግን ለእኛ ነው።

ለስብሰባው የሚበጀው አስተርጓሚ ነው፤ በአካል መገኘት ካልቻለ በቪዲዮ ጥሪ ሊሆን ይችላል። በቪዲዮ ሲሆን ምስሉ እየተቆራረጠ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የእጅ እንቅስቃሴው ይጠፋልና አስቀድማችሁ መስመሩን ሞክሩ፤ ካሜራው ፊትን ብቻ ሳይሆን እስከ ወገብ ድረስ ያሳይ። ተናጋሪው መስኮት ከኋላው አድርጎ አይቀመጥ፤ ፊቱ ይጨልማል። አንድ ሰው ሲናገር ሌላው ይጠብቅ፣ ሰነዱም ከዋዜማው ይላክላት። ሲያነጋግሯት ወደ አስተርጓሚው ሳይሆን ወደ እሷ ይመልከቱ፤ «እንዲህ በላት» ማለት ሰውየዋን ከጉባኤው ማስወጣት ነው። ልትጠሯት ስትፈልጉ ትከሻዋን ነካ ማድረግ፣ እጅ ማውለብለብ ወይም ጠረጴዛውን መታ መታ ማድረግ በእነሱ ዘንድ ነውር የለውም። የስልኩ መተግበሪያ ደግሞ ሁለታችሁ ስታወሩ እንደጠቀማችሁ ይቀጥል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጃችን መስማትና መናገር የተሳነው ነው። ማታ ማታ ክፍሉን ዘግቶ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር በቪዲዮ ሲያወራ ያመሻል፤ ከእኛ ጋር ማዕድ ሲቀርብ ግን አንገቱን ደፍቶ በልቶ ይነሳል። ስልኩን ብንነጥቀው ወደ ቤተሰቡ ይመለስ ይሆን?
የሦስት ልጆች አባት

መልስ፦ አይንጠቁት። በመጀመሪያ «መናገር የተሳነው» የሚለውን ቃል እናንሳው፤ ሲያወራ ያመሻል ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ልጅዎ የተሳነው መስማት ብቻ ነው፤ የሚናገረው ደግሞ በእጁ ነው።

ማዕዱን አንድ ቀን ልብ ብለው ይመልከቱት። እናንተ ትስቃላችሁ፤ እሱ «ምን ተባለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዳችሁ «ምንም አይደለም፣ በኋላ እነግርሃለሁ» ትሉታላችሁ፤ ያ «በኋላ» ግን አይመጣም። ቢመጣም የግማሽ ሰዓት ጨዋታ በሁለት ቃል ተጠቅልሎ ነው። ይህ በየቀኑ ለዓመታት ሲደጋገም አንገት መድፋት ልማድ ይሆናል። ከከንፈር እንዲያነብ አትጠብቁት፤ ብዙ ድምፆች ከንፈር ላይ ተመሳሳይ ናቸው። «በላ» እና «መላ» የሚሉትን ያለ ድምፅ በመስታወት ፊት ቢሞክሯቸው ለመለየት ይቸገራሉ።

ስልኩ ለእሱ ምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ይጠቅማል። ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1876 የስልክ ፈጠራ መብቱን ሲያገኝ መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህር ነበር፤ እናቱም፣ በዓመቱ ያገባት ሴትም መስማት የተሳናቸው ነበሩ። የሥራው ፍሬ የሆነው መሣሪያ ግን የእነሱን ዓይነት ሰዎች ለ90 ዓመት ገደማ በሩ ላይ አቆማቸው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በስልክ መስመር ጽሑፍ መለዋወጥ የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1964 ሮበርት ዋይትብሬክት የተባለ፣ ራሱ መስማት የተሳነው የፊዚክስ ባለሙያ፣ ቴሌታይፕን፣ ማለትም ጽሑፍን በሽቦ የሚልክና የሚቀበል የጽሕፈት መኪናን፣ ከተራ ስልክ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ከሠራ በኋላ ነው። ያም ቢሆን ጽሑፍ እንጂ የምልክት ቋንቋ አልነበረም። የቪዲዮ ጥሪ በየኪሱ ሲገባ ነው እጅ ከእጅ ጋር ከሩቅ ማውራት የቻለው። ልጅዎ ክፍሉን ዘግቶ የሚያደርገው የእርስዎ ሌሎች ልጆች ማዕድ ላይ የሚያደርጉትን ነው።

እርስዎ፣ እናቱና ወንድም እህቶቹ ቋንቋውን ተማሩ። ጀማሪው በቪዲዮ መለማመድ ይችላል፤ ዋናው መምህራችሁ ግን ራሱ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት የእናንተ መንተባተብ ሳቅ የሚያመጣ ይሆናል፤ ያኔ ማዕድ ላይ የሚስቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የምልክት ቋንቋ በመላው ዓለም አንድ ነው?
ተማሪ

መልስ፦ አይደለም። የዓለም መስማት የተሳናቸው ፌዴሬሽን ከ300 በላይ እንደሆኑ ይገልጻል። የአሜሪካና የእንግሊዝ ሕዝቦች በንግግር ይግባባሉ፤ የምልክት ቋንቋዎቻቸው ግን አይግባቡም። የአሜሪካው የሚቀርበው ለፈረንሳዩ ነው፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1817 በአሜሪካዋ ሃርትፎርድ ከተማ በተከፈተው መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ ከፓሪስ የሄደው ሎራን ክሌርክ ነበር።