ዘንጉን ስዘጋ ይይዛል፣ አረሩም ወደ ውስጥ ይገባል

ከኮሎራዶ አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ "ጋሼ፣ ያገለገለ ዊንቸስተር 94 ጠመንጃ ገዝቻለሁ። የሚተኩሰው .30-30 የሚባለውን ጥይት ነው። የብረት ምስል ተኩስ እወዳደርበታለሁ። ጥይቱን ቤት ውስጥ ራሴ መሙላት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሁለት ጣጣ መጣብኝ። አንዳንዱ ጥይት የማቀባበያውን ዘንግ ስዘጋ መሃል ላይ ይይዛል። ሳልተኩስ ከካዝናው ያወጣሁት ደግሞ አረሩ ወደ ቀለሁ፣ ባሩዱን ወደሚይዘው ናስ፣ ሰምጦ አጥሮ አገኘዋለሁ። 200 ሜትር ላይ አንዱ ከበጉ ጀርባ በላይ ያልፋል፣ ሌላው እግሩ ሥር አፈር ያነሳል። ሾጣጣ አረር ብጠቀም ይሻለኛል?"

ጨዋታውን ለማታውቁ፦ በዚህ ውድድር ከብረት የተቆረጡ እንስሳት ይደረደራሉ። 50 ሜትር ላይ ዶሮ፣ 100 ላይ አሳማ፣ 150 ላይ ተርኪ፣ 200 ላይ በግ። መምታት ብቻ አይበቃም፣ መጣል አለበት።

በመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ሾጣጣውን እርሳው። የዚህ ጠመንጃ ካዝና ከአፈሙዙ ሥር የተጋደመ ቱቦ ነው። ጥይቶቹ የአንዱ አፍንጫ የሌላውን ፕራይመር፣ ማለትም ግርጌው ላይ ያለውን መለኮሻ፣ እየነካ ይሰለፋሉ። ጠመንጃው ሲረግጥ ሹል ጫፍ ፕራይመር ላይ ከወረደ ጥይቱ እዚያው ቱቦ ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፣ ግራ እጅህ ደግሞ ያለው በትክክል እዚያ ላይ ነው። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣው የፈረንሳዮቹ ሌበልም ካዝናው ቱቦ ነበር። ሾጣጣ አረር በ1898 ሲመጣለት ጉዳት ያልደረሰው የቀለሁ ግርጌ ላይ በፕራይመሩ ዙሪያ ቦይ ስለነበረው ነው፣ የኋለኛው ጫፍ እዚያ ያርፋል። ያንተ ቀለህ ቦይ የለውም። አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ አረር ተጠቀም። ሹል መልክ ከፈለግህ ሆርናዲ የተባለው የጥይት ኩባንያ ለእንዲህ ያለ ካዝና ብሎ የሚሠራው፣ ጫፉ ለስላሳ ፕላስቲክ የሆነ አረር አለ። ለብረት በግ ግን ጠፍጣፋው በቂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሁለት ጣጣ አልከኝ እንጂ እኔ የሚታየኝ አንድ ነው። ቀለሆችህ እኩል አይደሉም።

ናስ በተተኮሰና በዳይ፣ ማለትም በመሙያው ቅርጽ ማውጫ፣ ተጨምቆ ወደ ልኩ በተመለሰ ቁጥር ይረዝማል፣ ሁሉም ግን እኩል አይረዝምም። የ.30-30 ቀለህ ከ2.039 ኢንች፣ ማለትም ከ51.8 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። አፉን አረሩ ላይ የሚጨመድደው ዳይ ደግሞ በአንድ ቁመት የተቆለፈ ነው። አጭሩ ቀለህ ሲመጣ ዳዩ በቅጡ አይነካውም። ስለዚህ አረሩ እንደላላ ይቀራል፣ የካዝናው ስፕሪንግና ርግጫው እየገፉ ወደ ውስጥ ያሰምጡታል። ረጅሙ ሲመጣ ዳዩ ከልክ በላይ ይጫነዋል። ናሱ መሄጃ ሲያጣ ትከሻው ሥር ያብጣል። ዘንጉ ላይ የሚይዝብህ እሱ ነው። በዓይን አይለይም። የያዘውን ጥይት ትከሻ በማርከር አጥቁርና ካሊፐር ይዘህ ደህና ከሚገባው ጋር አስተያየው። ቀለሙ በቀጭን ቀለበት የተፋቀበት ቦታ ላይ ልዩነቱን ታገኘዋለህ።

በጉ ላይ ከፍ ዝቅ የሚልብህም ከዚሁ ነው። አንዱ አረር ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ብሎ ከተያዘ ባሩዱ እኩል አይነድም፣ ፍጥነቱም ይለያያል። ዶሮው ላይ አይታወቅህም፣ 200 ሜትር ላይ ግን ይፈርድብሃል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው። ወደ ልካቸው ከመለስካቸው በኋላ ሁሉንም ለካ፣ ከዚያ ሁሉንም 2.029 ኢንች አካባቢ ላይ ቁረጣቸው። ቁም ነገሩ ቁጥሩ ሳይሆን እኩልነቱ ነው። አፉን ከውስጥም ከውጭም ጠረዝ ጠረዝ አድርገው።

ቀጥሎ፣ አረሩን ማስገባትንና አፉን መጨምደድን ለያቸው። ብዙ ሰው ጊዜ ልቆጥብ ብሎ በአንድ ጉተታ ይጨርሰዋል። አረሩ ገና እየወረደ አፉ መዘጋት ሲጀምር ናሱ ይጨማደዳል። መጀመሪያ የዳዩን አካል ከፍ አድርገህ፣ የቀለሁ አፍ አረሩ ወገብ ላይ ባለው ጎድጓዳ መስመር መሃል እስኪደርስ አረሮቹን ሁሉ አስገባ። ከዚያ የውስጡን ገፊ ፈትተህ አካሉን ዝቅ አድርግና ጨምድድ። ይህን የምታስተካክለው ባሩድም ፕራይመርም በሌለው ባዶ ጥይት ነው።

በዚያው ባዶ ጥይት ፈትነው። ርዝመቱን ለካ፣ አፍንጫውን ጠረጴዛ ላይ ደግፈህ በሁለት አውራ ጣትህ አጥብቀህ ግፋው፣ እንደገና ለካ። ከተነቃነቀ ክሪምፑን፣ ማለትም የአፉን ጭምደዳ፣ ለማጥበቅ አትቸኩል። አንገቱ ራሱ አረሩን ካልያዘው ክሪምፕ አያድነውም። ዳዩ ውስጥ ያለው፣ የቀለሁን አንገት የሚያሰፋው ዘንግ ውፍረት ከአረሩ በ1 ወይም 2 ሺኛ ኢንች ማነስ አለበት። ካላነሰ ቀይረው።

በላክልኝ ፎቶ ላይ ግርጌው አካባቢ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ያለው ቀለህ አይቻለሁ። አልጠየቅከኝም፣ ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። 94 የሚቆለፈው ከኋላ በኩል ስለሆነ ናሱን ይለጥጠዋል። ጫፉን ያጠፍከው ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገባና ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ ጎትትበት። ጎድጓዳ ነገር ካደናቀፈው ያ ቀለህ ሊበጠስ ነው፣ ጨፍልቀህ ጣለው። እንዳይደገም ደግሞ ቀለሁን ወደ ልኩ ስትመልስ ዳዩን እስከ ታች አትጫነው፣ ዘንጉ ያለ ችግር የሚዘጋበት ላይ አቁመው።

የሰመጠባቸውን ጥይቶች ልተኩሳቸው እንዳትል። አረሩ ሲሰምጥ ባሩዱ ያለበት ቦታ ይጠባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። መዶሻ በሚመስለው ማውጫ አረራቸውን አውጣና ባሩዱን አስወግድ። እንደገና ስትሞላ ከመመሪያ መጽሐፉ ዝቅተኛ መጠን ጀምር።